ጋሼ፣ ይልቀቁ!

ትናንት ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ሞተሬ ጎማ ሥር ተጋድሜ... አከራዬን «ይልቀቁ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ቆይ፣ ሳትፈርዱብኝ ልንገራችሁ።

ለሥራ የተሰጠችኝ ባለ አራት ጎማ ሞተር አለች። በእሷ ዶርዜ እየወጣሁ የአፕል ችግኝ አያለሁ። በቀደም ስወርድ ጠመዝማዛው ላይ የፊት ፍሬኑን ስይዘው እጀታው እንደ ስፖንጅ ሰመጠ። ሞተሯ ቆማለች፣ መቆሙንስ ቆማለች... ግን በፍሬን ሳይሆን በእናቴ ጸሎት ነው የቆመችው። በዚያ ፍሬን ደግሜ ያንን ቁልቁለት አልወርድም።

መካኒኬ ለለቅሶ ሶዶ ሄዷል። ሥራውን እኔም አላጣውም። አሮጌውን የፍሬን ዘይት አስወጥቶ አዲስ መሙላትና መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነው። ችግሩ የሁለት ሰው ሥራ መሆኑ ነው። አንዱ ላይ ሆኖ እጀታውን ጨምቆ ይይዛል፣ ሌላው ታች ሆኖ ትንሿን ቡሎን ከፍቶ ይዘጋል። ቡሎኗ ሳትዘጋ ያኛው ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ልፋታችሁም ገደል ገባ።

ስልኬን አወጣሁ። «ባጃጅ ሲቀላ»፣ «ባጃጅ ሴቻ»፣ «ሽሮ ቤት»፣ «ችግኝ ዶርዜ»... የሰው ስም ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ደብረ ብርሃን ያለውን ወንድሜን ነው። እሱ ደግሞ ከዚያ ሆኖ ፍሬን አይዝልኝም። ይሄን ያህል ጊዜ አርባ ምንጭ ኖሬ፣ ና እስቲ ይቺን ያዝልኝ የምለው ሰው የለኝም። እውነቴን ነው፣ ሆዴ ባባ።

የቀሩት አከራዬ ጋሽ ሳሙኤል ናቸው። ባለቤታቸው ወደ ጌታ ከሄዱ ወዲህ ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ ጓሮ ያለችውን ክፍል ነው የተከራየሁት። ከ«እንዴት አደሩ» እና ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» ያለፈ ወሬ ኖሮን አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ... ትንሽ ቢያግዙኝ?»

ሳልጨርስ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ሞተሯ ላይ ወጡ። ሰው ቤት የሚገቡ ነው የመሰሉት።

አስረዳኋቸው። «ይያዙ» ስል ጨምቀው «ያዝኩ» ይላሉ። እኔ ከፍቼ እዘጋና «ይልቀቁ» እላለሁ። ለእኩያዬ ቢሆን «ያዝ! ልቀቅ!» ብዬ እገላገል ነበር፤ ለሽማግሌ ግን ፍሬንም ቢሆን በአንቱታ ነው።

«ይያዙ!»

«ያዝኩ።»

ቡሎኗን ከፈትኩ። የጠቆረው ዘይት ከነአረፋው በቀጭኗ ቱቦ ወደ ሃይላንዱ ወረደ። ዘጋሁ።

«ይልቀቁ!»

እጀታው አልተለቀቀም።

«ጋሼ፣ ይልቀቁ!»

አሁንም አለቀቁም... ጆሯቸው ነው ብዬ በደንብ ጮህኩ። «ይልቀቁ!»

«አልለቅም!»

ከጎማው ሥር ብቅ አልኩ። እጀታውን በሁለት እጃቸው አንቀውታል። ዓይናቸው ግን ቤታቸው ላይ ነው።

«ልጆቼ በስልክ፣ ይልቀቁ። ሲመጡ፣ ይልቀቁ። ቤቱ ይሸጥና አዲስ አበባ ከእኛ ጋር ይኑሩ ይላሉ። ቅዳሜ ሊወስዱኝ ይመጣሉ... አሁን ደግሞ አንተ?»

ክው አልኩ። ቁልፉን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ።

«ይሄ ማንጎ ሚስቴ ነው የተከለው» አሉ ወደ ጥግ እያሳዩኝ። የጋሼ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም። «እኔ ከሄድኩ እሱን እዚህ ማን ያውቀዋል?»

እኔ ጓሮ ሆኜ ሰው የለኝም እያልኩ ስቆዝም፣ ሰውዬው ግድግዳ ማዶ ሆነው ይሄን ብቻቸውን ይዘውት ነበር።

«ጋሼ... ቃሉን እንቀይረዋ» አልኩ። «ይረፉ ልበል?»

«ይረፉ? ጭራሽ ልትገድለኝ?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ትናንት ነው።

ቃሉን ራሳቸው መረጡ። እኔ ስዘጋ «ጌታ ይባርክዎ» እላለሁ፣ እሳቸው «አሜን» ብለው ይለቃሉ። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ ግን ለፍሬን ሲባል ምን ይደረጋል።

«ይያዙ!» «ያዝኩ!» «ጌታ ይባርክዎ!» «አሜን!»

እጀታው ላይ ያለው የዘይት ዕቃ ሲጎድል አዲሱን ዘይት እጨምራለሁ፣ እንደገና እንጀምራለን። ድምፃችንም ሳናውቀው እየጨመረ ሄደ... ጎረቤታችን እትዬ አስቴር በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ጋሼ፣ ጸሎት አለ እንዴ? ምነው ሳይጠሩን?»

«የፍሬን ነው» አሉ ጋሼ ኮስተር ብለው።

በዚህ መሀል ስልካቸው ጮኸ። ሴት ልጃቸው ናት። «አሁን አልችልም፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉት። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው «ቀጥል እንጂ!» አሉኝ።

ቀስ በቀስ አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ዘይት መጣ። እጀታው ጠጠረ። ሞተሯን ትንሽ ነድቼ ስይዛት ቀጥ አለች።

ተመልሼ ሳቆማት ጋሼ እዚያው ባዶ እግራቸውን ቆመዋል።

«አለቀ?» አሉኝ። ድምፃቸው ወርዷል።

የኋላ ፍሬኗ ምንም አልሆነችም። እንደውም ካለኝ ነገር ሁሉ ጤነኛዋ እሷ ናት።

«ኧረ ምን አለቀ፣ የኋላው አለ አይደል» አልኳቸው። «እሱ ደግሞ ቀን ይፈጃል። ሰው ካልያዘልኝ አይሆንም።»

«እንግዲህ ልጆቼ ሲመጡ አንተ ንገርልኝ» አሉ ጫማቸውን እየፈለጉ። «ሥራ አለው በላቸው።»

ቅዳሜ ምን እንደምላቸው እኔንጃ... ለጊዜው ግን ጤነኛ ፍሬን እየፈታሁ ነው።