የሰሌዳ ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ

አረጋሽ በግራ አውራ ጣቷ የስፌቱን ጥግ ጫን አድርጋ፣ በቀኝ እጇ የጎበጠውን መርፌ ከስፖንጁ ሥር አውጥታ ሳበችው። ክሩ በሰም የታሸ ስለሆነ ሲሳብ ሲጥ ይላል። ከደባርቅ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ሱቋ ውስጥ የአንድ ሚኒባስ ወንበር ጭኗ ላይ ተጋድሟል። ጥጉ ላይ ማሽን አይገባም፤ በእጅ መውጋት ነው። ስድስት ጊዜ ትወጋለች፣ ቆም ብላ በጣቷ ትዳስሳለች፣ ከዚያ ሰባተኛውን ትወጋለች። ሃያ ሁለት ዓመት የመኪና ወንበር ስታለብስ አንድም ቀን ሳትዳስስ ቀጥላ አታውቅም።

የዚያን ዕለት ዓርብ ጠዋት ግን ሁለቴ ተሳስታ ሁለቴ ፈታች። የክር ሣጥኗ ላይ ያኖረችው ስልክ በየደቂቃው ይንቀጠቀጣል።

ስልኩን የሚያንቀጠቅጠው «የሊማሊሞ መኪና ወዳጆች» የሚባለው የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። የከፈተችው ጎንደር የምትማረው ልጇ መስከረም ናት። አባቷ ሹፌር ፍቅረ ሥላሴ ካረፈ በኋላ የነዳቸውን መኪናዎች ፎቶ የምታኖርበት ብላ ጀመረችው። ከዚያ መኪና የሚወድ ሁሉ ከጎንደር እስከ ሽሬ እየተጠራራ ገባ። አንዱ የአያቱን ላንድሮቨር አጥቦ ፎቶውን ይለጥፋል፣ ሌላው የሞተር ድምፅ ቀርጾ «የምን መኪና ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስት ሺህ ሰው ሲሞላ ስድቡም አብሮ ገባ። መስከረም ግራ ቢገባት እናቷን አማከረች።

አረጋሽ ትምህርቷ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ፣ ሰው ፊት ለመናገር የምታፍር ሴት ናት። ነገር ግን ባሏ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሙሴ ሆኖ ማኅበርተኛውን ሲመራ በነበረ ጊዜ ጠብ እንዴት እንደሚበርድ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ኖራለች። እሷ ተናገረች፣ ልጇ ጻፈች። መኪና ይሰደብ፤ የሰው አገር ግን አይሰደብ አለች። የተገለበጠ መኪና ፎቶ ለቤተሰቡ መርዶ ሳይነገር አይለጠፍ አለች። ያለ ማስረጃ «ይህ መኪና ተገልብጧል» ያለ ሰው ይውጣ፤ ስም አንዴ ከፈሰሰ አይታፈስም። የወጣውም አቤት ካለ ሦስት ዳኞች ቅዳሜ ይስሙት። ዳኛ በገዛ ጉዳዩ አይቀመጥ፤ ከዳኝነቱ የሚነሣውንም «ለምን ተነሣህ?» ብሎ የሚያስጨንቀው አይኑር።

«እማዬ፣ ይኼ እኮ ፍርድ ቤት ሆነ!» ብላ ሳቀች መስከረም።

«ፍርድ ቤትማ ቀጠሮ ያበዛል» አለች አረጋሽ።

ሰዉ ሕጉን ወደደው። መስከረም ፈተና ሲበዛባት አድሚንነቱን ለእናቷ ተወችው። ከእሷ ጋር በዳኝነት የሚቀመጡት ጡረታ የወጡት መምህር መልከ ጼዴቅና አይሱዙ የሚነዳው ገዱ ነበሩ። ሁለት ዓመት በሰላም አለፈ።

ማክሰኞ ዕለት የአረጋሽ አበልጅ ሀብተ ጊዮርጊስ ነጩን ላንድክሩዘሩን ሊሸጥ ለጠፈ። «በአንድ እጅ የተያዘ፣ ተገልብጦ የማያውቅ» ብሎ ጻፈበት። ወዲያው ዳባት ላይ ጎማ የሚሠራው የሺዋስ ከሥሩ መለሰ፦ «ይህ መኪና ተገልብጧል። ባለፈው ወር ጎማውን ስቀይር የግራ የፊቱ በአንድ ጎን ብቻ ነበር የተበላው። ሻንሲው ጠማማ ነው።»

«ማስረጃ!» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ። ማስረጃ አልነበረም። ከዚያማ ሳቁ ወረደ። «ሞራ ገላጭ ሰምተን ነበር፣ ጎማ ገላጭ ዛሬ አየን!» አለ አንዱ። «ነቢዩ የሺዋስ፣ የእኔንም ጎማ አንብብልኝ፣ ሚስት አገባለሁ ወይ?» አለ ሌላው። ሀብተ ጊዮርጊስ ለአድሚኗ በውስጥ መስመር ጻፈላት፦ «አበልጄ፣ ሕጉን ያስከብሩልኝ።»

ሕጉ የእሷ ነው። ማስረጃ አልቀረበም። የየሺዋስን ጽሑፍ አጠፋችው፤ ሰውየውንም አስወጣችው። ሰዉ አጨበጨበላት።

የሺዋስ ግን እውነቱን ነበር። ይህንንም ከሀብተ ጊዮርጊስ ቤት ውጭ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ያን መኪና በሸራ ሸፍኖ አስጎትቶ ግቢው አስገብቶት ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጁ ቃለ አብ ያለ መንጃ ፈቃድ ይዞት ወጥቶ ሊማሊሞ ላይ ገለበጠው። ልጁ ግንባሩ ተተርትሮ ተረፈ። የወንበሩን ልብስ እንድትቀይር አረጋሽ ተጠራች። አሮጌውን ስትፈታ የመስታወት ፍርፋሪ እንደ ጨው ከስፌቱ ይረግፍ ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ አጠገቧ ቆሞ፣ «አበልጄ፣ ልጄ ይታሰርብኛል። ከአፍዎ እንዳይወጣ በሚካኤል ይማሉልኝ» አላት። ሚስቱ የመስከረም የክርስትና እናት ናት። ባሏ ሲሞት ድንኳኑን የተከለውም፣ አርባውን ያስፈታውም እሱ ነው። ማለች።

ሐሙስ ማታ የየሺዋስ አቤቱታ በድምፅ መጣ። ከዚያ ወዲህ አሥር ጊዜ ሰምታዋለች።

«እማማ አረጋሽ፣ የሺዋስ ነኝ። አልተቀየምኩም፣ ሕግ ሕግ ነው። ግን ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሁሉ ‹ነቢዩ› እያለ ይስቅብኛል። ዛሬ ሁለት መኪና ደጄ ደርሶ ወደ ሌላው ዞረ። እሱስ ይሁን። አስጎብኚው ደርቤ ያን መኪና ገዝቶ እንግዳ ወደ ስሜን ፓርኩ ጨነቅ ሊያመላልስበት ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ ወደ ግራ ቢስበውስ? ቅዳሜ ስትሰሙኝ ይህን ብቻ አስቡልኝ።»

አረጋሽ መርፌውን ስፖንጁ ላይ ሰክታ ተነሣች። ከተቀመጠችበት በርጩማ ላይ የታጠፈውን ጨርቅ አነሣችና ዘረጋችው። የፈታችውን አሮጌ ልብስ የመጣል ልማድ የላትም። በውስጡ በኩል በእስክሪብቶ የሰሌዳውን ቁጥር፣ ቀኑንና የወንበሩን ጎን ትጽፍበታለች፤ ደንበኛው ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ልኩን ከዚያው ትቆርጣለች። የዚያን መኪናም እንደ ልማዷ ጽፋበት፣ አጥፋ ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጣበታለች። ሰማያዊ ዳማ ጨርቅ ነው። ደሙ እንደ ዝገት ሆኗል። ጣቷን በስፌቱ ላይ ስታሳልፍ የቀረ የመስታወት ቅንጣት ወጋት።

የማለው አፏ ነው። ጨርቁ አልማለም። ጨርቁን ለየሺዋስ ሰጥታው ምንም ሳትናገር ብትመለስ፣ ከአፏ የወጣ ነገር የለም። ጽሕፈቱን ያየ ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ እንደሚያውቅ አልጠፋትም። ይሁን አለች። ጨርቁን በጥቁር ፌስታል አድርጋ ሁለት ጊዜ ቋጠረችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

መናኸሪያው በር ላይ ወያላው «ዳባት! ዳባት! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። እግሯን ልታነሣ ስትል ነጭ መኪና አጠገቧ ቆመ።

«አበልጄ! ወዴት ነው በጠዋቱ?» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ በመስኮት ብቅ ብሎ።

«ዳባት… ትንሽ ጉዳይ አለችኝ።»

«እኔም ወደዚያው ነኝ፣ መኪናውን ለደርቤ ላሳየው። ይግቡ።»

«አይ፣ አላስቸግርዎ፣ ይኼው አንድ ሰው ነው የቀረው…»

«የአበልጅ መኪና እያለ? ሰው ቢያይ ተጣሉ አይልም?»

«እማማ፣ እኔ ብሆን ይኼን ትቼ እዚህ አልጋፋም!» አለ ወያላው፤ ቦታዋንም ወዲያው ለሌላ ሰው ሰጠ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ወርዶ ዞሮ በሩን ከፈተላት፣ ከገባችም በኋላ ዘጋላት። ያየ ሰው አክብሮት ይለዋል። አረጋሽ ግን ታውቃለች፤ ከተገለበጠ ወዲህ ያ በር ከውስጥ አይከፈትም። መክፈቻው ባዶውን ይወዛወዛል። ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው።

ከከተማው ሲወጡ የገብሱ ማሳ በግራ በቀኝ ተከፈተ። የራሷ ስፌት ከጭኗ ሥር ነው። ጣቷ ሳታስበው ጥጉን ዳሰሰ፣ ስድስት፣ ሰባት።

«ይህን ወንበር የሰፋች እጅ ትባረክ» አለ። «መኪናው ያረጃል እንጂ ስፌቱ አያረጅም። ምን ይዘዋል በፌስታሉ?»

«ቁራጭ ጨርቅ ነው።»

«እርስዎና ቁራጭ!» ሳቀ። «ጋሼ ፍቅረ ሥላሴ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹እኔ ስሞት እሷ ጋቢዬን ልክ መቁረጫ ታደርገዋለች› ይል ነበር።»

እሷም ፈገግ አለች። ሳቁ እውነተኛ ነበር፤ ያ ነው የከበዳት።

ወቅንን እንዳለፉ ዓይኗ መሪው ላይ አረፈ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ የሀብተ ጊዮርጊስ እጆች ግን መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዘው፣ ጅማታቸው ተገትሮ ይዘውታል። ማየቷን አየ።

«መንገዱ ነው፣ ወደ ግራ ያዘነብላል» አለ።

«አዎ» አለች።

«ቃለ አብ ትናንት ደወለ» አለ እንደገና። «ከእናቱ በፊት ‹እማማ አረጋሽ ደኅና ናት ወይ?› ነው ያለኝ። ዘንድሮ ከኮሌጅ ይመረቃል።»

«እሰይ፣ እሱ ፈጣሪ ለወግ ያብቃው።»

«አሜን። ይህ መኪና ከዓይኔ ይጥፋልኝ ነው እኔ የምለው፣ አበልጄ። ባየሁት ቁጥር ልጄን በሸራ ሸፍነው ያመጡልኝ ይመስለኛል። የነገው ቅዳሜ እንደሆነ አያሰጋኝም። እርስዎ ከዳኞቹ መካከል እስካሉ ምን እሰጋለሁ?»

አረጋሽ ወደ በሩ ተመለከተች። አውርደኝ ብትለው እንኳ ዞሮ መጥቶ የሚከፍትላት እሱ ነው። ዝም ብላ ነገ ከዳኞቹ ጋር ብትቀመጥ፣ በማታምንበት ፍርድ ላይ ስሟ ይገባል። ብትናገር ሚካኤል አለ። ዳባት እስኪደርሱ ዓይኗን ከመሪው ላይ አላነሣችም።

ደርቤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል። በመንገዱ ማዶ የየሺዋስ ጎማ ቤት ይታያል፤ ሰውየው ጎንበስ ብሎ የተነፋ የጎማ ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረ የሚያፈስበትን ይፈልጋል። ሀብተ ጊዮርጊስ ዞሮ በሩን ከፈተላት።

«ኧረ እማማ አረጋሽ!» አለ ደርቤ። «በምስክር ነው እንዴ የምትሸጠው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ?»

«ምን ምስክር ብቻ፣ ዳኛዋን ራሷን ይዤልህ መጣሁ!»

«እንግዲያው ከእርስዎ አፍ ልስማ። የሺዋስ ያለው ውሸት ነው?»

ሁለቱም ያይዋታል። በሕይወቷ እንዲህ መንገድ መካከል ቆማ ተጠይቃ አታውቅም።

«እኔ በዚህ ነገር ዳኛ አይደለሁም» አለች፣ ለራሷ እንኳ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

«እንዴት? ከሦስቱ አንዷ እርስዎ አይደሉ?»

«ነበርኩ። ተነሥቻለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

«ለምን?»

«ሕጉ… ‹ለምን› አይባልም ይላል።»

ደርቤ ባርኔጣውን አውልቆ አንዴ እሷን፣ አንዴ መኪናውን አየ። ከዚያም የተዘረጋለትን ቁልፍ በእጁ መዳፍ ቀስ ብሎ መለሰው። «በሉ እንግዲህ፣ እኔም ዛሬ ቁልፍ አልቀበልም። የቅዳሜው ይለፍና እንነጋገራለን» ብሎ ወደ ሻይ ቤቱ ገባ።

«አበልጅ» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ግንባሩን በመሪው ላይ አስደገፈ።

አረጋሽ ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ተጠግታ ስልኳን አወጣች። ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለገች ጻፈች፦ «መምህር፣ ከየሺዋስ ጉዳይ ወጥቻለሁ። አረጋሽ።» መልሱ ቶሎ መጣ። መምህር መልከ ጼዴቅ ነጥቡን ሳይቀር አሟልተው ነው የሚጽፉት፦ «ወይዘሮ አረጋሽ፣ ምክንያቱን አልጠይቅም። ነገር ግን እስከ ነገ ማስረጃ ካልቀረበ፣ ራስዎ ባወጡት ሕግ መሠረት፣ የሺዋስ እንደወጣ ይቀራል።»

ደጋግማ አነበበችው። ፌስታሉ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል። እስከ ጎማ ቤቱ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ሄደች። አንድ ጋሪ አለፈ፣ አንድ ባጃጅ አለፈ፣ መንገዱ ባዶ ሆነ። ነጩ መኪና እዚያው ነው፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ግንባሩን ከመሪው አላነሣም። ቃለ አብ ሕፃን ሆኖ ሱቋ ውስጥ ስፖንጅ ላይ ሲዘል የነበረው በዓይኗ ሽው አለ። እንደ ስፌቷ ስድስት ቆጠረች። ሰባተኛው ላይ እግሯ እንቢ አለ።

«ደባርቅ! ደባርቅ! እማማ፣ ይገባሉ?»

ገባች። በመስኮቱ በኩል አስቀመጧት። ሚኒባሱ በጎማ ቤቱ ፊት ሲያልፍ የሺዋስ ቀና አለና አያት። ከፊቱ ላይ ቅሬታ አይነበብም፤ ውሃ የሚንጠባጠብ እጁን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት። አረጋሽ አጸፋውን ልትመልስ ፈለገች፤ ሁለቱም እጆቿ ግን ጭኗ ላይ የተቋጠረውን ፌስታል እንደጨበጡ ነበሩ።