ቁልፍ ስል «ቆልፉ»

ቦንጋ በእንስሳት ሐኪምነት በሠራሁባቸው ዓመታት እንደ ወፍ ጉንፋን ሰሞን የታከትኩበት ጊዜ የለም። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ግርግር በረድ ከማለቱ ሬዲዮው ስለ ዶሮ ማውራት ጀመረ። በሽታው አገራችን ይግባ አይግባ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ ግን በየቀበሌው እየዞርክ አስተምር ተባልኩ። ስሙ ራሱ ፈተና ነበር፤ ጉንፋን ስል ሰው ይስቃል። ዋጫ በምትባለው ከተማ አንድ ሽማግሌ፣ «ዶክተር፣ ወፍ ስታስነጥስ ሰምተህ ታውቃለህ?» ብለው አዳራሹን በሳቅ ገደሉት። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ የሚገባው ላዩ ላይ ያለችውን የስኳር ጫፍ ጨብጦ ነው። የዶሮዋ ጫፍ ከሥሯ ጋር የተያያዘችበት መንገድ በእኛ አፍንጫና ጉሮሮ ከሚበዛው የተለየ ነው። ስለዚህ ዶሮን የለመደ ቫይረስ የእኛን ጉሮሮ አጥብቆ አይዝም። የዶሮዋ ዓይነት እኛም ዘንድ አለ፣ ግን ሳንባችን ውስጥ ጠልቆ ነው፤ ቫይረሱ እዚያ የሚደርሰው ከታመመ ዶሮ ጋር ተፋፍጎ የሚተነፍስ ሰው ላይ ነው። የሚያስፈራው እዚያ ሲራባ ጥቂት ቦታ ላይ ተለውጦ ጉሮሯችንን መጨበጥ የለመደ እንደሆነ ነው። ያኔ በሳል ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል።

ይህን ሁሉ አማርኛን ለገበያና ለቢሮ ብቻ ለሚጠቀም፣ ቤቱ በካፊኖኖ ለሚያወራ ገበሬ እንዴት ትነግረዋለህ? «ቫይረሱ የያዘው የዶሮ ቁልፍ ነው፤ የሰው ቁልፍ የለውም፤ ቁልፉ ተሞርዶ የእኛን በር እንዳይከፍት ከታመመ ዶሮ ራቁ» አልኩ። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ ስል ዋልኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ የገባቸው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ በዋጫ ዙሪያ ዶሮ እያለቀ ነው ተባለና ሄድኩ። አንዲት እናት ቤት ስገባ ሽታው ከበር ሊመልሰኝ ምንም አልቀረው። ዶሮዎቹ ጓዳ ተዘግቶባቸዋል። ገሚሱ ሞቷል፤ የቀሩት አንገታቸው ተጣሞ ይንገዳገዳሉ። እዚያው አጠገባቸው አራስ ልጃቸው ሕፃኑን ታቅፋ ተኝታለች።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? ዶሮ ከአራስ ጋር?»

«አንተው ነህ፣ ዶክተር! ቆልፉ፣ ቆልፉ፣ ቆልፉ አልክ። እኔ ቆለፍኩ።»

መንደሩ በሙሉ ቆልፏል። ያ ቫይረስ ሰውን መልመድ ቢያምረው ከዚህች ጓዳ የተሻለ ቦታ አያገኝም ነበር። ዶሮዎቹን አስወጣን፣ የሞቱትን ቀበርን፤ ናሙናውን በበረዶ ሳጥን ወደ አዲስ አበባ ላክሁ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሁሉ ለጤና ጣቢያው ነርስ እየደወሉ «ሕፃኑ አተኮሰው?» ማለት ሆነ። ነርሱ ድምፄን ሲሰማ «አላተኮሰውም» ብሎ መዝጋት ጀምሮ ነበር።

ውጤቱ መጣ፤ ፈንግል ነው። ያው የምናውቀው፣ ዶሮ እየፈጀ የሚኖር፣ ሰው የማይገድል ፈንግል። እፎይ ማለት ሲገባኝ የተሰማኝ ድካም ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ራሴ ልንገራቸው ብዬ ተሳፈርኩ።

የደረስኩት በሕፃኑ ክርስትና ቀን ነው። ደጅ ላይ ዳስ ተጥሏል፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረዋል፣ ቆጮውና ጎመኑ ተሸፍኖ ቀርቧል። ሰው ግን የለም። ጎረቤቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው በማዶው መንገድ ያልፋሉ። ሕፃኑ አተኮሰው ወይ እያልኩ በየቀኑ መደወሌ ለካ በመንደሩ ተወርቷል።

ወደ አጥሩ ሄጄ፣ «ፈንግል ነው! ሰው አይዝም!» ብዬ ጮህኩ። አንዱ ቆም ብሎ አየኝና እርምጃውን አፈጠነ። አራሷ አቀርቅራ ሕፃኑን ታጠባለች። አፈርኩ፣ ተናደድኩም፤ በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም።

እናትየው የእጅ ውሃ ይዘው መጡ፤ በረድፍ ከተደረደሩት ባዶ ወንበሮች አንዱ ላይ አስቀመጡኝ።

«ብላ፣ ልጄ» አሉኝ። «ለብዙ ሰው ነው የሠራሁት።»