የቀትር መርዶ

ጣልያኖች የያዙኝ ኮምቦልቻ፣ ከመጋዘኑ በር ላይ ነው። ለመንገድ ሥራው ሲሚንቶና ዶማ የሚቀመጥበት መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ለሽፍቶች ወሬ ታቀብላለህ አሉኝ፤ እውነቱን ለመናገር አቀብል ነበር። በካሚዮን ጭነው ሽቅብ ወደ ደሴ ሲያወጡኝ ብርዱ ገና መንገድ ላይ ተቀበለኝ። የለበስኩት ስስ የቆላ ልብስ ነበር።

ያስገቡን ቀድሞ እህል ይከማችበት የነበረ የድንጋይ ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ከቆርቆሮው ሥር ክንድ የምታሾልክ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበረችው። አሥራ አንድ ሆነን በጎናችን ስለምንተኛ፣ አንዱ መገላበጥ ሲያምረው ሁላችንም አብረን መገላበጥ ነበረብን። ትእዛዙን የሚሰጡት ከገራዶ የመጡ ቄስ ነበሩ። «ኧረ ዙሩ ልጆች፣ ጎኔ አለቀ» ይሉናል፤ እንዞራለን።

ከእኔ አጠገብ የሚተኙት ከቢስቲማ በኩል የመጡ እስላም ሽማግሌ ናቸው። ራሳቸው ያጠፉት ነገር የለም። ልጃቸው ጫካ ስለገባ፣ እሱ እጁን እስኪሰጥ አባትየው ይቀመጡ ተብሎ ነው የታሰሩት። ሌላ ልጅ የላቸውም። ማታ ማታ፣ ለጥያቄ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ሲገባ፣ «ከልጄ ወሬ የሰማ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። የለም ስንላቸው «አልሐምዱሊላህ» ይሉና ይተኛሉ። ወሬ አለመኖሩ ለእሳቸው ደግ ወሬ ነበር።

የሚመረምረን ጣልያን መኮንን አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። አማርኛን የጀመረው ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ እንደሆነ ራሱ ነግሮኛል። ምን ላድርግ፣ መመስከር አለብኝ፤ ሰውየው ይናገረው ነበር። ሲያሾፍ ያስቃል፤ ማንን አንተ፣ ማንን እርስዎ እንደሚል ያውቃል። ጀርባዬን ሰጥቼ ብሰማው የደሴ ሰው ነው ብዬ እምል ነበር።

እኔን የሚጠራኝ ለምርመራ እያለ ነው፤ ወሬው ግን ሁልጊዜ ሌላ ይሆናል። ሰው ካደገ በኋላ የተማረውን ቋንቋ፣ አፉን እንደፈታበት አድርጎ ሊናገረው ይችላል ወይ? እንቅልፍ የነሳው ነገር ይኸው ነበር። እኔም ጣልያንኛን የተማርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ከሾፌሮች ስለሆነ፣ አንተና እኔ አንድ ነን ይለኛል። አልፎ አልፎ የሚያመልጠውን ቃል አርምለታለሁ፤ እሱ ሲጋራ ይሰጠኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። አንድ ቀን፣ በመጋረጃ ተከልዬ ብናገር ፈረንጅ ነው ብለህ ታውቀኛለህ ወይ አለኝ። አላውቅዎትም አልኩት። ከልቤ ነበር።

አንድ ቀን በቀትር፣ ጋሌጣ የሚሉት ደረቅ የወታደር ብስኩት እየታደለን ሳለ መኮንኑ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ ሽማግሌው እያየ ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«አባባ፣ ልጅዎ ከሐርቡ ማዶ በተደረገው ውጊያ ሞቷል። አላህ ያጥናዎት። ከእንግዲህ እርስዎን የምንይዝበት ምክንያት የለም፤ በዚህ ሳምንት ይፈታሉ።»

እግዜር ሳይሆን አላህ ማለቱን ልብ በሉልኝ። ያንን እንኳ ለይቶ ያውቃል።

ሽማግሌው ጋሌጣውን በእጃቸው እንደያዙ ነበሩ። «እሺ ጌታዬ» አሉ። እንባ አልወጣቸውም። መኮንኑ ጥቂት ጠበቀ። ሲወጣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ልባቸው ድንጋይ ነው አለኝ በጣልያንኛ።

ያን ቀን በቤቱ ውስጥ ሰው ሰውን አላየም። ሲመሽ ሽማግሌው እንደወትሯቸው ቀና አሉና «ከልጄ ወሬ የሰማ አለ?» ብለው ጠየቁ።

ሁላችንም ደነገጥን። አእምሯቸው የተነካ መሰለኝ። ቄሱ ግን ረጋ ብለው «እስካሁን የለም፣ ወንድሜ» አሏቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው፤ ተኙ።

ቄሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ሲነጋ አንተ በቀኛቸው ትሆናለህ አሉኝ። ያኔ ገባኝ። እኛ አገር መርዶ እንዲህ በቆመበት፣ ሰው እህል በእጁ እንደያዘ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ይይዛል። ሽማግሌው አልሰማሁም ብለው እኛን እየጠበቁን ነበር።

ሲነጋጋ የሱብሂ ሶላታቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅናቸው። ከዚያ ሁላችንም ተነሥተን ወደ በሩ ሄድን፤ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ቄሱ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ከዚያ፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ ሰው፣ ከበሩ ወደ ሽማግሌው ተራመድን።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ ቄሱ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። በማለዳ ደህና መጣችሁ?»

«ደህናስ አልመጣንም፣ ወንድሜ። ልጅዎን አላህ ወስዶታል።»

ቀኝ ክንዳቸውን ይዤ ነበር። ሰውነታቸው ሲከዳቸው ክብደታቸው እኔ ላይ አረፈ። «ኢና ሊላሂ» ብለው ጀመሩ፤ ቀሪውን ለቅሶ ዋጠው። የልጃቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ። እኛም አለቀስን። አንዳንዱ የራሱን ሟች እያሰበ ነበር፤ እኔም እናቴን አስቤ ነበር።

ድምፁን ሰምቶ መኮንኑ መጣ። እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ። «ትናንት ራሴ ነግሬያቸው አልነበረም ወይ? ያኔ ያላለቀሱ ሰው ዛሬ ምን ሰምተው ነው?» አለኝ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ የእውነት ተጨንቆ ነበር።

«የተሳሳትኩት ቃል አለ?»

«የለም ጌታዬ። አንድም ስህተት የለውም።»

«እንግዲያ ምንድን ነው? ንገረኝ፣ ልማር።»

መልሱ ከሁለት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም ነበር። ያንን ሁሉ ቃል ያረምኩለት ሰው ይህን መንገር ምን ይከብደኛል? ግን አፌ እንቢ አለኝ። አላውቅም አልኩት። እንደዋሸሁት ገባው፤ ሲጋራውም በዚያው ቀረ።

ሽማግሌው በሳምንቱ ተፈቱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። እኔ ስምንት ወር ቆየሁ።

ያን ቀን ወደ ቤቱ ስመለስ ኮርቼ ነበር። ሁሉን ነገር ወስደውብን፣ ይህችን አንዲት ነገር አልሰጠሁትም ብዬ። ለብዙ ዓመታትም በዚሁ ስኮራ ኖርኩ። ዛሬ አርጅቼ፣ እንቅልፍ ሲያጥረኝ፣ የማስበው ሌላ ሰው ነው። እኔ እዚያው እያለሁ መኮንኑ አንድ ከወረባቦ የመጣ ገበሬን ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ ግቢ ውስጥ አገኘው፤ የሚስቱን ሞት እዚያው በቆመበት ነገረው። አማርኛው እንደወትሮው እንከን አልነበረውም። ገበሬው ብቻውን ስለነበር ባለበት ወደቀ፤ ድንጋዩም ግንባሩን ፈነከተው። እኔ ከበሩ ሆኜ አየሁት፤ ሮጬ ልይዘው አልቻልኩም።