መምህር ለምንና የቀረችው አንዲት ቃል

ተማሪዎቹ «መምህር ለምን» ብለው ስም ያወጡለት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስተምር «ለምን?» የምትል ቃል ከአፉ ስለማትጠፋ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ጠባቧ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ስር፣ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ስትሰፋ፣ እሱ ከጀርባዋ ጠረጴዛ ይዞ የማግስቱን ትምህርት ጮክ ብሎ ይለማመዳል። ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈችው ሴት የግሪኮችን ፍልስፍና የተማረችው እንዲህ ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታ።

«አንድን ነገር ዐወቅሁ የሚባለው» ይላታል፣ «እንዲህ መሆኑን ስላየሽ ብቻ አይደለም። ለምን እንዲህ እንደሆነ፣ ሌላም ሊሆን እንደማይችል ስትረጂ ነው። ግሪኮቹ ሳይንሳዊ ዕውቀት ያሉት ይህን ነው።»

«እኔ ይሄ ጨርቅ ሲታጠብ እንደሚያጥር ዐውቃለሁ» ትላለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

«ለምን ያጥራል?»

«ምን ዐውቄ! ያጥራል አልኩህ።»

«እንግዲያው ልምድ አለሽ እንጂ ዕውቀት የለሽም።»

«ሱሪህ አጥሮ ከጉልበትህ በላይ እንዳይቀር ያደረገው ይኸው ልምዴ ነው» ትለዋለች፤ ይሳሳቃሉ።

ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ፊቱን በሳሙና አረፋ ለቅልቆ ጢሙን ሲላጭ ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ሮጣ ስትደርስ የፊቱ ግማሽ ተንጠልጥሏል። ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛ። እግሩ ቀስ በቀስ ታዘዘለት፣ ቀኝ እጁ ግን እንደዛለ ቀረ። ንግግሩም አልተመለሰም። ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን የከፈተ ዕለት «ማክሰኞ» አላት።

ቀኑን የጠየቃት መስሏት «ዛሬ እኮ እሑድ ነው» አለችው።

ራሱን ወዘወዘ። «ማክሰኞ፣ ማክሰኞ!» አለ ወደ ውኃው እየጠቆመ። ውኃ ማክሰኞ ሆነ፤ ትራስም ማክሰኞ፣ እሷም ማክሰኞ። የታመመው ሐሙስ፣ የተናገረው እሑድ፤ ማክሰኞ ከየት መጣ? ማንም ሊነግራት አልቻለም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የጭንቅላቱን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅላ አሳየቻት። «እዚህ ጋ የረጋ ደም የደም ሥሩን ዘግቶታል። ንግግርን የሚያዘው ክፍል ደም አጥቶ ተጎዳ። የሚሰሙትን ብዙውን ይረዳሉ፤ መናገር ላይ ነው ችግሩ።»

«ምክንያቱ በደንብ ታውቋል ማለት ነው?»

«በደንብ።»

«ታዲያ መድኃኒቱስ?»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አየች። «ያለማምዷቸው እትዬ። አንዳንዱ ይመለሳል። አንዳንዱ… አይመለስም።»

በረጅሙ ኮሪደር ወጣች። ባሏ ዕውቀት ይለው የነበረው ይኸው አሁን በእጇ ገባ፤ ለምን እንደሆነ ዐወቀች። ዐውቃስ ምን ታድርገው?

ቤት እንደገቡ መቀሷን አንስታ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«ማክሰኞ።»

ከዚያ በግራ እጁ ሁለት ጣቶች አየሩን ቆረጠና ወደ ጨርቁ አመለከተ። ሜታፊዚክስ የሚለውን፣ የነገሮችን ምንነት የሚመረምረውን ትምህርቱን ሲለማመድ ስንት ጊዜ ሰምታለች፦ አንድ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ከምን ተሠራ፣ ምን መልክ ያዘ፣ ማን ሠራው፣ ለምን ጉዳይ ተሠራ ብለህ ጠይቅ። ስሙ ማን ነው የሚል ጥያቄ ከአራቱ ውስጥ አልነበረም። ሰውዬው እዚያው ውስጥ አለ ማለት ነው! ቁልፍ አመጣች፣ በአየር ላይ አዞረው። ማንኪያ አመጣች፣ ወደ አፉ ወሰደው። ሦስት ወር በየጠዋቱ አለማመደችው። አንዲት ቃል አልጨመረም።

ትዕግሥቱም እያለቀ ሄደ። በጎ ምግባር እንደ ሙያ ነው፣ ደጋግሞ በመሥራት ይገኛል፣ አንዴ ከሰረጸ በቀላሉ አይለቅም ብሎ የሚያስተምር፣ በሰው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው አንድ ቀን የሻይ ብርጭቆውን ወረወረው። በጆሮዋ አጠገብ አልፎ ግድግዳው ላይ ተሰባበረ። ያስደነገጣት ብርጭቆው አይደለም። የዕድሜ ልክ ትዕግሥት የት ይገባል? እሱም እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አፍጥጦ እያየ አለቀሰ። ስብርባሪውን ስትጠርግ፣ ይህን ጥያቄ የምትጠይቀው ሰው ከፊቷ ተቀምጦ የሚያለቅሰው እሱ ብቻ መሆኑ ገባት።

ትምህርት ቤቱ የሽኝት ዝግጅት አሰናዳለት። እሷ «ይቅር» ብላ ነበር፤ እሱ ሰምቶ ኮቱን በአንድ እጁ እየታገለ ለበሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የቀድሞ ተማሪው፣ ዛሬ ፋርማሲስት የሆነችው፣ ምስጋናዋን ስትጨርስ «መምህር፣ እርስዎ አይድከሙ፣ ይቀመጡ» አለችው። እሱ ግን ተነስቶ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ።

«ማክሰኞ» ብሎ ጀመረ።

አስተማረ። ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ፣ ጣቱን ቀስሮ ጠየቀ፣ መልስ ጠበቀ፣ በራሱ ቀልድ ፈገግ አለ። ሁሉም በዚያች በአንዲት ቃል። ከኋላ ወንበር ሳቅ አመለጠ፤ ወዲያው ታፈነ። ሚስቱ ዜማውን ለየችው፦ የበጎ ምግባር ትምህርት ነው። እዚህ ጋ ነው አንድ መልካም ሥራ ብቻውን ሰውን ደግ አያደርገውም የሚለው። ተነስታ ልትተረጉምለት ፈለገች። ብትሳሳትስ? በሌለው ቃል ላይ ቃል ብትጨምርበትስ? እንደተቀመጠች ቀረች።

ድንገት እሱ ፋርማሲስቷን ስታለቅስ አያት። ቆም አለ፤ ፊቶቹን አንድ በአንድ ቃኘ። ያን ጊዜ ከአፉ የምትወጣው ያቺው ቃል ብቻ መሆኗ ገባው። ማይክሮፎኑን በቀስታ አጠፋና ወርዶ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ምነው ባላጨበጨቡ!» አለች ሚስቱ በልቧ።

ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣም። ቁጣውም በርዶ ዝምተኛ ሆነ። አንድ ዝናባማ ቀን ግን፣ ከምሳ በኋላ፣ ልብሷን ጎተተ። «ማክሰኞ!» ዓይኖቹ ተጨንቀዋል። ወደ መስኮቱ ጠቆመ፣ ደረቱን ነካ፣ ወደ እሷ ጠቆመ።

«አሞሃል?» ራሱን ወዘወዘ። «በረደህ? ወረቀት ነው? ልጃችን ጋ ይደወልልህ?» አይደለም። አልበሙን አመጣች፣ ሻንጣውን ዘረገፈች፣ መድኃኒቱን፣ መነጽሩን፣ የድሮ ደብተሮቹን ጭኑ ላይ ከመረች። ምንም ዕቃ የማይወክለው፣ በጣት ምልክት የማይገለጽ ነገር ነው። «ስለ ምን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ አንተዬ! ስለ እኔ ነው?» ስትለው እጁን ግማሽ አነሳና መልሶ ጣለው። አዎም አይደለም፣ አይደለምም አይደለም። መብራት እስኪበራ ድረስ ሲታገሉ ዋሉ። በመጨረሻ ደከመው። በደህናው እጁ ፀጉሯን ዳበሰና ዓይኑን ጨፈነ።

በማግስቱ ስትጠይቀው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ኖረ፤ ነገሩን ዳግም አላነሳውም።

ዛሬም ስትሰፋ በመሃል እግሯ ቆም ይላል። በልቧ የቤቱን ዕቃ፣ ዘመድ ወዳጁን ሁሉ አንድ በአንድ ታነሳለች፣ ትጥላለች። ያን ዝናባማ ቀን ሊላት የፈለገውን እስካሁን አላገኘችውም።