ድንጋዩ ላይ የቀረው ነብር

ጥር ነበር፤ በጃንሆይ ዘመን። ከሳጉሬ በላይ፣ ጭላሎ ላይ፣ በጥር ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ነብር በጎቼን ፈጀብኝ። ወንድሜ ታደሰ ምንሽር ጠመንጃውን ወልውሎ ከጎረቤታችን ከሁሴን ጋር ሊወጣ ሲል ጦሬን ይዤ ተከተልኩ።

«ሴት አደን አትወጣም» አለ ታደሰ።

«በጎቹ የማን ናቸው? ነብሩ የሴት ነው ብሎ ተወልኝ?»

ሁሴን ሳቀ። «ትምጣ አቦ! እሷን ካየ ነብሩ ራሱ ይሸሻል።»

እናንተ ልጆች፣ ዱካ ስታዩ ጥፍሩን ፈልጉ። የጅብ ጥፍር መሬት ላይ ይታያል፤ ነብር ግን ጥፍሩን ሸሽጎ ነው የሚሄደው። ሁሴን ያን ክብ ዱካ ውርጩ ላይ አሳየንና በአስታው ቁጥቋጦ መሃል ሽቅብ መራን።

ፀሐይ ብቅ ስትል ነብሩ ከፊታችን ቋጥኝ ላይ ቆመ፤ ብርሃኑ ከኋላው። በእኛ አገር አዳኝ ከአውሬ ፊት ዓይኑን አይጨፍንም፤ ዓይኑን የሰበረ ይበላል ይባላል። ስለዚህ ነብሩን ከነፀሐይዋ አፍጥጠን አየነው። ታደሰ እስኪያነጣጥር እንባዬ ወረደ፤ አልጨፈንኩም።

ተኮሰ። ከቋጥኙ አቧራ ተነሣ፤ ነብሩ ግን እንደቆመ ነው። ያኔ ሁሴን ከጎኔ ጮኸ። ነብሩ ለካ ከተኩሱ በፊት ዘሎ እሱ ላይ ወጥቷል። እኔና ታደሰ የምናየው ከፀሐይዋ ጋር ዓይናችን ውስጥ የቀረውን ምስሉን ነው።

ዞርኩ። የዓይኔ ነብርም አብሮኝ ዞረ። ሣሩ ላይ፣ ሁሴን ደረት ላይ፣ ባየሁበት ሁሉ ጠርዙ የሚነድ ነብር።

«አስካለ፣ ውጊው!» አለ ሁሴን።

የቱን? ጦሬን እንዳነሣሁ ቀረሁ። ሁሴንን ብወጋውስ? ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጨፍኜም ነብሩ አለ። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ።

«ውጊው እንጂ!»

ምስሉ ቀስ በቀስ ሳስቶ ሲጠፋ እውነተኛው ነብር የሁሴንን ቀኝ ክንድ ሲያኝክ አየሁ። የሁሴን ቢላ ነብሩ ጎን ውስጥ ተሰክቷል። ያኔ ወጋሁት።

ልጆች፣ ስታድኑ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ካልሆነላችሁ ጨፈን ገለጥ አድርጉ፤ ዓይን ያየውን ቶሎ አይለቅም። «አትጨፍን» ያሉን አባቶች ይህን አልነገሩንም።

መንደር ስንገባ ሰዉ ታደሰን «ገዳይ!» እያለ ያወድስ ጀመር፤ ጠመንጃ የያዘው እሱ ነዋ።

«ዝም በሉ!» አልኩ። «ጥይቱ ያገኘው ድንጋይ ነው። በአደን ሕግ ገዳይ ቀድሞ ያደማ ነው፤ ያደማው ሁሴን ነው። ቆዳው የእሱ ነው!»

ታደሰ አንገቱን ደፋ። ቆዳውን ራሴ ለሁሴን ወሰድኩለት። ቀኝ ክንዱ ሞቶ ነበር፤ በግራው ጠጉሩን ዳሰሰው።

«አስካለ፣ የጠራሁሽ ለቆዳው አልነበረም» አለኝ።

አላየሁህም ልለው ፈለግሁ። ግን እጄን ብዘረጋ በምደርስበት ቆሜ አላየሁህም ብል ማን ያምነኛል?