ቀትር ላይ የተነበበው ቅጽ

ፀሐይወርቅ ሰው ቤት ስትገባ ፊት አታይም። መጀመሪያ የምታየው የውኃ እንስራው ክዳን እንዳለው ነው፤ ቀጥሎ እሳቱ ከልጅ እጅ ምን ያህል እንደራቀ። ከዚያ የልጁን መኝታ በመዳፏ ትዳስሳለች፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ። ባሕር ዳር በሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያ ስድስት ዓመት ስትሠራ እንጀራዋ ይኸው ነበር፤ ልጅ ይመለስልኝ ያለ ወላጅ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ማሳደግ ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ ቅጽ መሙላት። ለዚህም አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሠልጥናለች። እንባ አያታልላትም። ልጁንም ሁልጊዜ ይዛው ትሄዳለች፤ ቤቱ ሲደርስ እግሩ የሚያደርገውን ማንም አጥንቶ ሊያስመስለው አይችልም ባይ ናት።

በ1978 ዓ.ም. ኅዳር እንደገባ ከማሳደጊያው ልጆች አንዱን፣ አስናቀን፣ ይዛ ጣናን ወደ ቁንዝላ ተሻገረች። አስናቀ አምስት ዓመቱ ነው። አባቱ ዘምቶ አልተመለሰም፤ እናቱ የብርጓል በወባ ወድቃ ሆስፒታል ስትተኛ እሱ ማሳደጊያው ገባ። አሁን እናቲቱ ስለ ዳነች ልጁ ይመለስ የሚል ደብዳቤ በገበሬ ማኅበሩ በኩል መጥቷል። ጊዜ ግን የለም። በወሩ መጨረሻ ወሳጅ ያላገኙ ልጆች በሙሉ በአውቶቡስ ተጭነው ሩቅ አገር ወዳለ ሌላ ማሳደጊያ ይዛወራሉ። የፀሐይወርቅ ቅጽ «ትችላለች» ካላለ አስናቀም አብሮ መጫኑ ነው።

ጎህ ሳይቀድ የተነሣችው ጀልባ ቀትር ላይ አደረሰቻቸው። ነፋስ የለም። ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ተኝቷል፤ ደንገሉ አይነቃነቅም፤ ያ ሁሉ የጣና ወፍ የት እንደገባ አይታወቅም። የየብርጓል ቤት ከሌሎቹ ነጠል ብሎ ውኃው አፋፍ ላይ ነው። አስናቀ አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። አልሮጠም፤ አላለቀሰም። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጣሪያውን አየ።

የብርጓል ወጣች። ዓይኗ በልጁ ራስ ላይ አልፎ እንግዳዋ ላይ ዐረፈ።

«እንደምን ዋሉ። ይቺ የማን ልጅ ናት?»

ፀሐይወርቅ ሰላምታውን መለሰችና፣ ልጅሽ አስናቀ ነው እንጂ አለቻት።

«እኔ ልጅ የለኝም» አለች የብርጓል፣ ጮክ ብላ። ለፀሐይወርቅ የምትመልስ አትመስልም፤ ከበላይዋ ለተቀመጠ ለሌላ የምትናገር ትመስል ነበር።

ወደ ውስጥ ገቡ። ምሰሶው ላይ ሦስት የማተብ ክሮች ተንጠልጥለዋል፤ ጥቁር፣ ገና የማንም አንገት ያልነካቸው። ፀሐይወርቅ የማን እንደሆኑ ጠየቀች። የብርጓል ዓሣ በእንጀራ ፈትፍታ በገል አደረገችና ደጃፉ ሥር መሬት ላይ አኖረችው። «ለውሻ ነው» አለች። በግቢው ውሻ የለም። አስናቀ ብላ ሳይባል ሄደና ቁጢጥ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ በላ፤ የለመደው ነገር ነው።

ፀሐይወርቅ ብዙ ጉድ አይታለች። ልጁን በገመድ የሚያስር ሰካራም ሁሉ አይታለች። ይህን ግን አላየችም። ቅጹን አወጣችና ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ፣ «ወላጅ ልጁን የኔ ብሎ ይቀበላል?» ከሚለው አንጻር «አይቀበልም» ብላ በእርሳስ ጻፈች። የልጁን እጅ ይዛ ተነሣች። የብርጓል አልለመነችም። ምሰሶውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች፤ ጥፍሯ እንጨቱን ሲቧጥጥ ይሰማ ነበር።

አጥሩ ጋ ጎረቤቲቱ፣ አሮጊቷ እማማ የሺመቤት፣ መንገድ ዘጉ። «የሰው ልጅ ይዞ ወዴት ነው? የኔ ናት! በእፍኝ ዳጉሳ ገዝቻታለሁ» አሉ፣ እሳቸውም ወደ ጣሪያው። ከዚያ የፀሐይወርቅን ክንድ ይዘው እግራቸው እስኪረጥብ ሐይቁ ውስጥ ገቡና ቤቱ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

የብርጓል ከዚህ ልጅ በፊት ሦስት ወንዶች ወልዳ ነበር አሉ። ሦስቱም አርባ ቀናቸው ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሡ ሞቱባት፤ ማተባቸው ተፈትሎ ቀረ። የወሰዳቸው ሾተላይ ነው፤ ያን ቤት የለመደ፣ ሕፃን የሚበላ። አራተኛው ሲወለድ ገና ሳታጠባው፣ ሾተላዩ የሷ እንዳይመስለው፣ ለእሳቸው ሸጠችው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ጣሪያ ሥር ልጄ ብላው አታውቅም። ስሙን አትጠራም፣ እንደ ሴት አንቺ ትለዋለች፣ ምግቡንም የውሻ ነው ትላለች። ደብዳቤውንም ያስጻፉት እሳቸው ናቸው።

«እንግዲህ እታለሜ፣ የኔ ነው በይ ብለሽ ካስባልሻት እሱን የሚወስደው አውቶቡስ አይደለም።»

ፀሐይወርቅ በሾተላይ አታምንም፤ የእናትና የአባት ደም አለመስማማት ነው ተብላ ተምራለች። ያሳፈራት ሌላ ነው። ዛሬ ፊት አይታ፣ ቃል ሰምታ ጽፋለች፤ ቤቱን አላየችውም። ተመለሰች። እንስራው ተከድኖ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ተጭኗል። በምድጃው ዙሪያ እስከ አምስት ዓመት ልጅ ደረት የሚደርስ የጭቃ ከለላ ቆሟል፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። መደቡ ላይ አንዲት ትንሽ አጎዛ አለች፤ ብትዳስሳት ደረቅ ናት፣ ፀሐይ ላይ ውላ የገባች። ከምድጃው አጠገብ በቅጠል ላይ የዓሣ አጥንት ተቆልሏል። ከውሻው ምግብ ውስጥ አንድ በአንድ ተለቅሞ የወጣ፣ ፀጉር የሚያህለው ሳይቀር።

«አይቀበልም» የሚለውን ፍቃ «ይቀበላል» ብላ ጻፈች።

አንድ ነገር ቀረ። ቅጹ ወላጁ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት እዚያው ቤት ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ደንቡ ነው። በስድሳ ሦስት ቤት አንብባለች፣ ፊደል ሳታዛንፍ። ከምሰሶው ሥር ቆማ ወረቀቱን ዘረጋች። የብርጓል ዓይኗን ጨፈነች። ነፋስ በሌለበት ሦስቱ ክሮች ዞር አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሦስቱም ወደ ፀሐይወርቅ።

ፀሐይወርቅ ከወረቀቱ ዓይኗን ሳትነቅል ያልተጻፈውን አነበበች።

«በዚህ ቤት ልጅ የለም። ይቺ የእማማ የሺመቤት ናት። መልከ ጥፉ ናት፤ ለማንም አትሆንም። እዚህ የምትቀመጠው ውኃ ልትቀዳ ነው።»

የብርጓል አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ተጫነች። እንባዋ እጇ ላይ ይንጠባጠባል።

ከሦስት ወር በኋላ ፀሐይወርቅ ለክትትል ተመልሳ መጣች። ጀልባዋ አሁንም ቀትር ላይ ጣለቻት። ከየብርጓል ቤት ጭስ አይወጣም፤ በሩ ገርበብ ብሏል። አጥሩ ጋ ደርሳ ልጁን ልትጠራ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ቆመች። ከውስጥ ድምፅ የለም፤ አሁንም የለም። በመጨረሻ የሴት ቁጣ ተሰማ።

«አንቺ ቀፋፊ፣ ከዚያ ውረጅ አላልሁሽም?»

ትንንሽ እግሮች ዱብ ብለው ሮጡ።

ፀሐይወርቅ አልገባችም። ቅጹን አጥሩ ሥር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሞላች፤ የልጁ ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ስትደርስ ከላይ በእጇ ከልላ ጻፈች።