በድብ አገር የተሰጣ ቋንጣ

ባለፈው ቅዳሜ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ አንድ አርቪ መጥቶ ከጎኔ ቆመ። አርቪ ማለት ያው ቤቱን ይዞ የሚዞር መኪና ነው፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ መጸዳጃው ሁሉ ውስጡ አለ። የሚነዳው ጠና ያለ ሐበሻ ነበር። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊት ጠጋ ብሏል። አጠገቡ ያሉት ሴትዮ ጭናቸው ላይ በፎጣ የታሰረ ድስት ይዘዋል። መብራቱ ለቀቀና ሄዱ። እኔ ከኋላዬ ክላክስ እስኪነፋብኝ ድረስ አልተነቃነቅኩም፤ አባቴንና እናቴን ያየሁ መስሎኝ ነበር።

እኛም አንድ ጊዜ እንዲህ በአርቪ ወጥተን ነበር፤ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። አባቴ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፤ እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። እኔ ኦሮራ የጀመርኩትን ኮሌጅ ልጨርስ ነው። ቀጥሎ ነርሲንግ እንደምገባ ቤታችን ውስጥ ያለቀ ነገር ነበር፤ የጠየቀኝም የለም። እኔ ደግሞ ተራራ ውስጥ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የደን ትምህርት አመልክቼ ተቀብለውኛል።

አባቴ ሲሰማ፣ «ደን? ደን ደግሞ ምኑ ይጠናል?» አለና እራቱን በላ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላለም። አባቴ እምቢ ሲል አይጮህም፣ ዝም ነው የሚለው። እስከ ሰኞ መልስ ካልሰጠሁ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። ያለ እሱ ፈቃድ ደግሞ ከቤት ወጥቼ ተራራ ውስጥ ማደር የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። የአባቴ ባልደረባ አርቪ ነበረው፤ ግንቦት ውስጥ በአንዱ ዓርብ ለምነን ተዋስነውና ወጣን። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ተራራውን በዓይኑ ካየ፣ ከእኔ ጋር ትንሽ በእግሩ ከተንሸራሸረ፣ ልቡ ይለሰልሳል። ምን ላድርግ፣ ልጅ ነበርኩ።

ፋሲካ ካለፈ ገና ሃምሳው ቀን አልሞላም፤ ጾም የለም ማለት ነው። እማዬ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ድስቶቹን ጫነች፤ ሃቫና ካለው ሥጋ ቤት ደግሞ ለሠርግ የሚበቃ የበሬ ሥጋ አስቆርጣ መጣች። «ተራራ ላይ ምን ይገኛል?» ነው ክርክሯ። አባዬ ዳገቱን በዝግታ ሲወጣ ከኋላችን የመኪና ሰልፍ ተፈጠረ። ጆሯችን ተደፈነ። ከፍ ስንል በመስኮቱ የጥድ ሽታ ገባ፤ ጥላ ሥር ያለፈው ክረምት በረዶ ገና አልቀለጠም።

ካምፑ ሐይቅ ዳር ነው። አባዬ ሜዳ ሜዳውን ትቶ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያሳይ ቦታ መርጦ ፓርክ አደረገ። ሊያይ መፈለጉ ደስ አለኝ። የአርቪ ፍሪጅ መኪናው ካጋደለ እንደማያቀዘቅዝ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር። ጠዋት ስንከፍተው ሥጋው ለብ ብሏል።

«ይሄ ሁሉ ሥጋ ሊጣል?» አለች እማዬ። ረዣዥም አድርጋ ዘለዘለችው፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ በርበሬ ለወሰችው፤ ከመኪናው መስታወት እስከ ጥዱ ድረስ ገመድ ወጥራ ቋንጣዋን ሰቀለች። «እንዲህ ያለ ደረቅ አየር የት ይገኛል? አገር ቤትም የለ» እያለች ነው ደግሞ። ጎረቤታችን አሜሪካዊ ኩባያውን ይዞ መጣና ለጌጥ የተንጠለጠለ ነገር እንደሆነ ጠየቀን። ምግብ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

እኔ ጫማዬን አጠበቅኩና አባቴን፣ «አባዬ፣ ና ትንሽ እንሂድ፤ መንገዱ ሜዳ ነው» አልኩት።

በሩ ላይ ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር።

«እኔ በእግር የሚኬደውን ሄጄ ጨርሻለሁ» አለ። «አንቺ ሂጂ።»

በወጣትነቱ ከጎንደር ተነስቶ ሱዳን የገባው በእግሩ ነው፤ ቀን ጫካ ተደብቀው፣ ማታ ማታ እየሄዱ። ከዚህ በላይ ነግሮን አያውቅም፤ እኛም አንጠይቅም። ሰው ለመዝናናት ብሎ ጫካ ውስጥ መሄዱ ለእሱ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ሰኞ ብቻ ነበር።

ብቻዬን ሄድኩ። ሐይቁን ዞርኩ፣ ድንጋይ ላይ ወጣሁ፣ ተናደድኩ፣ ተመለስኩ። እማዬ ከመንገዱ ዳር አመድማ ቅጠል ቆርጣ በመዳፏ እያሸች፣ «ይሄ አሪቲ ነው! ወላዲቷን አሪቲ ነው» ትላለች። የተራራው ነገር ለእሷ በዚያ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ አሪቲ ፍለጋ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። አባዬ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው፤ እጆቹ ጉልበቱ ላይ። ሰልችቶታል ብዬ ደመደምኩ።

ከሰዓት በኋላ የካምፑ ሬንጀር፣ ጠባቂዋ ማለት ነው፣ ፒካፕ ይዛ መጣች። በእኔ ዕድሜ ብትሆን ነው። ባርኔጣ አድርጋለች፣ ወገቧ ላይ ሬዲዮ አለ። ቋንጣውን ስታይ መኪናዋን አቆመችና ዓይኗን ማመን አቃታት።

«ምን አለች?» አለች እማዬ።

«ድብ ይመጣል ነው የምትለው። ትናንት ከማዶ ታይቷል። አሁኑኑ አውርዱት ትላለች።»

«ለድብ አይደለም የሰቀልኩት በያት።»

አልኳት። ሬንጀሯ ሳቀች፤ ግን ቆማ አስወረደችን፣ ራሷም አገዘች። እጇ በበርበሬ ቀላ። ሥጋውን አርቪው ውስጥ ከአልጋ አልጋ ገመድ ወጥረን ሰቀልነው፤ ያን ሌሊት ጎንበስ ሳይል የሚያልፍ አልነበረም።

ልትሄድ ስትል አባዬ ከወንበሩ ሳይነሳ በራሱ እንግሊዝኛ ጠየቃት። «እዚህ ብቻሽን ነው የምትሠሪው?»

«አዎ።»

«የምታድሪውስ?»

«ማዶ ትንሽ ቤት አለችኝ።»

«አትፈሪም?»

«ድቡ እኮ ከእኔ ብሶ ይፈራል፤ እሱ ነው የሚሸሸው» አለች።

«ድቡን አላልኩም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምፈራው?» አለችው። ማስመሰል አልነበረም፤ ዞር ብላ ጥዶቹን አየች፣ የሚያስፈራ ነገር ካለ ለማየት። መልካም ቆይታ ብላ ሄደች። እኔ፣ ይሄው ብቻዋን ነው የምታድረው፣ አባዬ አይፈቅድም፣ አበቃልኝ አልኩ።

እሁድ ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ የፍሬን ሽታ አፍንጫችንን ቆረጠው። ብዙ መንገድ ከወረድን በኋላ አባዬ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ጀመረ።

«ያቺ ልጅ ምኑን ነው የምፈራው ስትል ሰምተሻታል?»

«ሰምቻታለሁ።»

«እኛ ከአገር ስንወጣ ሴቶች አብረውን ነበሩ። እንዳንቺ ያሉ። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ፊታቸው የሚሆነው አሁንም ይታየኛል።» ማርሽ ቀነሰ። «ጫካ ውስጥ የማትፈራ ሴት ትናንት ገና ማየቴ ነው። እንደዚያ መሆን የሚቻል አይመስለኝም ነበር።»

እማዬ ከኋላ ድስቷን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ነገ ደውይና እመጣለሁ በያቸው» አለ።

አለቀስኩ። ደስታ ነበር፣ ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። «አንተስ አባዬ፣ ፈርተህ ነበር?» አልኩት።

«መጀመሪያ ቀን» አለ። «በኋላ ግን የሚመጣብን ሰው እንደሌለ ገባኝ። ደስ የሚል ቦታ ነው።»

አሁን ሥራዬ እዚያው ተራራ ላይ ነው። የሚመጣውን ሰው ሁሉ አያለሁ፤ ዓሣ የሚያጠምድ አለ፣ ወፍ የሚቆጥር አለ፣ ጫፍ ካልወጣሁ ብሎ ትንፋሽ የሚያጥረው አለ። አርቪያቸው በር ላይ ወንበር ዘርግተው ቀኑን ሙሉ ሳይነሱ የሚውሉም አሉ። ባልደረቦቼ፣ «ይሄን ሁሉ መንገድ የመጡት ለመቀመጥ ነው?» እያሉ ይስቁባቸዋል። እኔ አልስቅም። እዚያ ወንበር ላይ ለመድረስ ምን ያህል እንደሄዱ አላውቅምና።